ሽማግሌ የሌለበት ጀብዱ

ጎጆ፣ ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ ጓደኛዬ ለጦይባ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማ ሀጀራስ እንደምን ናቸው፣ ወገባቸው ተሻላቸው? ሱቁስ ገበያ አለው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው። ጎጆ ከተማ ላይ ጋቢ ከሰው ላይ የሚወርደው ሊታጠብ ብቻ ነው።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። የኦቦ ሮባ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ አድሮ ነበር። ድንቹን አምቦ አራግፈው ሲመለሱ ደብዳቤሽን ከኮፍያቸው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። እዚህ ዳታ የሚባል ነገር የለም፤ ስልክም የሚሠራው ሲፈልገው ነው። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ሞቻለሁ ብለሽ ተስካሬን ታስቢ ነበር።

እዚያ ስለ ሥራችን ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ ላልሽው፣ የምሠራበት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ኦቦ ፉፋ «ሞጁል ትሸጫለሽ አሉ፤ የየትኛው ኮሌጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የኮሌጅ አይደለም፣ የጨዋታ ነው አልኳቸው። ሰዎች በየከተማቸው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ የቀሩት የታሪኩን ሰዎች ሆነው ቁጥር ያለበት ዳይስ እየጣሉ ይጫወታሉ። እኔ ጀብዱውን እጽፋለሁ፤ ጓደኛዬ ካርታውን ትሥላለች፣ በሩንና ግድግዳውን፣ መብራቱንም ኮምፒውተሩ ላይ ታስገባለች፤ ከዚያ ለተራኪዎች እንሸጣለን አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ማን ያሸንፋል?» አሉ። ማንም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ሊሆን ይገዙታል?» ብለው ትተውኝ ሄዱ።

ሞጁላችን «የወፍጮው ቤት ደም» ሁለት ኮከብ ተሰጠው ማለትሽ እንቅልፍ ነሣኝ። ከገዛን ሰውዬ ቅሬታ ውስጥ የእኔ የሆነው አንድ ብቻ ነው፤ ጽሑፌ ዋሻው ሦስት ክፍል አለው ይላል፣ ካርታሽ ግን አራት ነው፣ ይህን መነጋገር ነበረብን። የፋኖሱ ብርሃን ግድግዳ አልፎ መሄዱ፣ ነፍሰ ገዳዩ ጅሩ ገና ሳይደርሱበት ለተጫዋቾቹ መታየቱ፣ የሟች ቤት በር አለመከፈቱ ግን ያንቺ ነው። ስለዚያ በር እኮ ነግሬሽ ነበር! «ሁሉም ወደ ዋሻው ነው የሚሄደው፣ ማን ይነካዋል?» አልሽኝ።

እኔ አምቦ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቃችሁ ጓዳ ተቀምጬ ስተርክ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን አንቺ ቶሎ ታስተካክዪ፣ እኔም ተጫዋቾቹን በወሬ እይዝልሽ ነበር። አሁን ብቻሽን እየተረክሽ ነው ስትይኝ አዘንኩ። ብቻሽንም አይደለሽም መሰለኝ። ያቺ ደራርቱ ያልሽኝ ደግሞ ማን ናት? በአንድ ገጽ ስሟን ይህን ያህል የደጋገምሽው ብድር የምትሰጥሽ የባንክ ሠራተኛ ብትሆን ነው።

ናፋቂሽ ልዩ


አምቦ፣ ኅዳር 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልዩዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ልበልሽ ወይስ አካም ጅርታ? ሁለቱንም ውሰጂ። አልሀምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ወገቧ ተሽሏታል፤ «ያቺን ቀጭን ልጅ ድንች ብቻ እያበሉ ሊገድሏት ነው» ትላለች።

ደራርቱ የእጃጂ ከተማ ልጅ ናት፤ ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ጃንጥላ ልትገዛ መጥታ ኮምፒውተሬ ላይ ካርታውን ስታይ ቆማ ቀረች። እኔን ታውቂኛለሽ፣ አስቀመጥኳት። ያንቺ ወንበር ላይ አይደለም። ካርቶን ላይ ነው የተቀመጠችው።

የቅዳሜውን ጨዋታ ግን ከየት እንደምጀምርልሽ አላውቅም። ሙሂዲን እንደ ወትሮው ከቡታጅራ በኢንተርኔት ገባ፣ ሌሎቹም ከአዳማ ገቡ። ጅሩ የወፍጮ ቤቷን ባለቤት ልጅ ገድሎ ዋሻ መግባቱን፣ የሟች ቤተሰብም እነሱን መቅጠሩን አነበብኩላቸው። አንቺ እንደጻፍሽው ከሆነ ሰይፋቸውን ስለው መነሣት ነበረባቸው። አንድም ሰው አልተነሣም። ሙሂዲን «ጅሩ ዘመድ የለውም እንዴ? ዘመዶቹ ሽማግሌ አይልኩም?» አለ። ሌሎቹም «ልክ ነው፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ» አሉ። ጽሑፍሽን ከላይ እስከ ታች ባገላብጠው አንድ ሽማግሌ የለበትም። ሰይፍ አለ፣ ወጥመድ አለ፣ የሌሊት ወፍ እንኳ አለ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሽማግሌ ስትረሳ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። እኔ ገጽ ሳገላብጥ እነሱ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሏቸው ሄሎ፣ ሄሎ ይሉኛል።

ይሄኔ ደራርቱ ከካርቶኗ ላይ ሆና «ሽማግሎቹ ሟች ቤት ይሂዱ» አለች። ሄዱ። በሩን ሲነኩት፣ ያው አንቺ የተቆጣሽበት በር ነው፣ አይከፈትም። ይቅርታ፣ የካርታው ስህተት ነው ልል አፌን ስከፍት፣ «አልከፈቱልንም። ኒ ኤግና! ቆመን እንጠብቃለን» አለች። ሽማግሎቹን ከአጥሩ ውጭ አቆመቻቸው፤ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር አስያዘቻቸው። ግቡ ሳይባሉ አይቀመጡም አለች። ፀሐይ ጠለቀች፣ ተመልሳ ወጣች፣ እነሱ እንደቆሙ ናቸው። ሁልጊዜ የሚቸኩለው ሙሂዲን እንኳ «ዋሻው ይቅርብኝ፣ እኔም ከነሱ ጋር እቆማለሁ» አለ። ማንም ዳይስ አልጣለም። ልዩዬ፣ እንዲህ ያለ ቅዳሜ ኖሮን አያውቅም።

ሌሎች የገዙንም ይህንኑ ጽፈውልናል። ሰዎቻቸው ዕርቅ ሲፈልጉ ሞጁሉ ከመዋጋት በቀር መንገድ የለውም ይላሉ። የተስተካከለውን በየካቲት እናወጣለን ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ያኔም ካላማረ ሁለተኛ የሚገዛን የለም። የብርሃኑንና የዋሻውን ነገር እኔ አስተካክላለሁ። የሽማግሎቹን ክፍል አንቺ ጻፊልኝ።

ያንቺው ጦይባ


ጎጆ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጦይባ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። እማ ሀጀራን ሰላም በያቸው፤ ድንቹ ተስማምቶኛል።

«እንዲህ ያለ ቅዳሜ ኖሮን አያውቅም» ያልሽውን አነበብኩት። እኛ ማለት ማን እንደሆነ ግን አልገባኝም። እኔ ያለሁበትን ቅዳሜ ሁሉ ቆጥረሽበት ነው?

ሽማግሌውን የረሳሁት መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ቀኑን ሙሉ የሰው ክስ ስጽፍ እውላለሁ። ሽማግሎች መጥተው «ታርቀዋል፣ መዝገቡ ይዘጋልን» ሲሉ ማመልከቻቸውን የምቀበለው እኔ ነኝ። ማታ ደግሞ እነሱን ልጻፍ? ጠግቤያቸው ነው የተውኳቸው። ጀብዱ የሚጫወት ሰው ዋሻ ይፈልጋል ብዬ ነበር፤ ለካ አጥር ሥር መቆም ነው የሚፈልገው።

በሩንም አስቢው እንጂ። ያ በር አንቺ ሳትጨርሺው የቀረሽው በር ነው። እኔ ስናገር ጨቅጫቃ ሆንኩ፤ እሷ ስትቆምበት ጥበብ ሆነላት። ስህተት ሲሆን የእኛ፣ ሲያምር የሷ። እንዲህማ ከሆነ ካርታውን ሁሉ በጅምር ተይላትና ትራቀቅበት።

ቅናት እንዳይመስልሽ። ቅናት ለባል ነው። እኔ የምናገረው ስለ ሥራው ጥራት ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ከመንገድ ገብቶ የመጣለትን ሲናገር ለአንድ ቅዳሜ ያምር ይሆናል፤ ገዝቶን ጅማ ቁጭ ብሎ ለሚተርክ ሰው ግን ደራርቱን አብረን አናሽግለትም። የሚያነበው ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ጽሑፉ ይኸው፣ በፍላሹ ላይ አለ። ሽማግሎቹ ይመጣሉ፣ ይናገራሉ፣ ተጫዋቾቹ ሁለት ዳይስ ይጥላሉ፣ ድምሩ ስድስትና ከዚያ በላይ ከመጣ ዕርቅ ይወርዳል። ንጹሕ ሥራ ነው። ተጫወቱትና ምን እንዳሉ ጻፊልኝ፤ አንድም ሳታስቀሪ።

ልዩ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውድ ልዩ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለገና አምቦ እንደማትመጪ ከኦቦ ሮባ ሰማሁ፤ እማዬ አዝናለች። ሱቁ ሰው በዝቶበት ደብዳቤዬ ስላጠረ ይቅርታ።

የላክሽውን ክፍል ተጫወትነው። ደህና ነበር።

ደራርቱም ያን ዕለት ያለችውን በጽሑፍ አድርጋዋለች፤ ይኸው በፍላሹ። ስህተት በማየት አንቺን የሚያህል የለምና እባክሽ እይልን። ያገኘሽውን ሁሉ ጻፊው፣ አታዝኚላት፤ እሷም እንደዚያ ብላለች። የትኛውን እንደምናስገባ ያንቺን ሐሳብ ሳልሰማ አልወስንም።

ደራርቱን ጎጆ ብርድ ነው ስላት የሱፍ ካልሲ ሠርታልሻለች፤ ከፍላሹ ጋር ነው። ለገና በሰላም ያድርስሽ።

ጦይባ


ጎጆ፣ ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጦይባ፣

ጤና ይስጥልኝ።

«ደህና ነበር» ከምትዪኝ ዝም ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺ አስቀያሚ ጨርቅ ለሚገዛሽ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ነገር ትናገሪያለሽ። ማን ምን አለ? ሙሂዲን አዛጋ? ዳይሱ አምስት መጥቶ ዕርቁ ፈረሰና ሳቁ? ሆድ ይፍጀው ብለሽ ነው የተውሽው፤ እኔም ገብቶኛል። «እይልን» ደግሞ አልሽኝ። ከመቼ ወዲህ ነው አንቺና እሷ «እኛ» የሆናችሁት?

አየሁላችሁ። ሽማግሎቹ መጀመሪያ አራት ናቸው፣ ወደ ታች አምስት ይሆናሉ፤ አምስተኛው ከየት እንደመጣ እሷ ትንገረን። ፀሐይዋ ምሳ ሳይበላ ትጠልቃለች። የሟች ቤት አንድ ቦታ ከወፍጮው በላይ ነው፣ ሌላ ቦታ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ካርታሽ ላይ ደግሞ ሁለቱም ጋ አይደለም። ተጫዋቾቹ መቆሙ ሰልችቷቸው ሰይፍ ቢመዙ ተራኪው ምን ያድርግ? አንድ መስመር የለም። ካርታውም ከብዶ የአንድ ሰው የወር የዳታ ፓኬጅ ይጨርሳል።

ከሁሉ የባሰው የሟች እናት ናት። ሽማግሎቹ ሲቆሙ፣ ሲለምኑ፣ ሲመሽ፣ ሲነጋ በመስኮት ታያለች፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይወጣትም። ልጇን የገደሉባት ሴት አፍ የላትም? አትሳደብም? አታለቅስም? ምን እንደምታናግራት ስላላወቀች ዝም አሰኘቻት፤ ይህ የጸሐፊ ስንፍና ነው። ሐዘን አይተሽ አታውቂም መሰለኝ በያት።

እንግዲህ ጥራቱን ጨረስኩ። ቅናት አይደለም ያልኩሽን ተይው፤ ቅናት ነው። የእኔ ወፍጮ ቤት ውስጥ ገብታ፣ እኔ ያልሠራሁትን ክፍል አግኝታ፣ አንቺን አስደስታ ወጣች። ጣቶችሽ ካርታው ላይ ሲሄዱ አጠገብሽ ሆኖ የሚያየው እሷ ናት። እኔ እዚህ በብርድ ሰው ከሰው የተካሰሰበትን እየጻፍኩ እሷ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ማታ ማታ ይህን ሳስብ ይቆጠቁጠኛል።

ካልሲውም ልኬ ሆነ። እሱም አናደደኝ።

የእሷን አስገቢ። የእኔን ስም ግን ከሞጁሉ ላይ አውጪው፤ በሰው ሠርግ አጃቢ አልሆንም።

ልዩ


አምቦ፣ ጥር 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልዩ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እማዬ ደህና ናት።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደራርቱ ሱቅ ውስጥ ነበረች። ገበያተኛ እያስተናገድኩ ነበርና፣ የስህተቱ ዝርዝር ነው፣ ያንቺ ነው ብዬ ፖስታውን ሰጠኋት። ቀድሜ ማየት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዞር ስል ግን ሁሉንም አንብባለች።

ምን አለች ብለሽ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። በአምስተኛው ሽማግሌ ሳቀች፤ «ልክ ናት፣ ከየት መጣ?» አለች። በካልሲው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ገጹን መልሳ አንድ ቦታ ላይ ቆየች። ደብዳቤውን እንደነበረ አጥፋ ሰጠችኝና ወደ መድኃኒት ቤቷ ተሻገረች።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የሷ ስለሆነ እንጂ ደብቄሽ አይደለም። አባቷ እዚያው እጃጂ ላይ በሰው እጅ ነው የሞተው፣ እሷ ሕፃን ሳለች። ሽማግሎች አጥራቸው ሥር ሲቆሙ በመስኮት ያየችው እሷ ናት፤ እናቷ ጉያ ውስጥ ሆና። እናቷ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ሽማግሎቹ እየተመላለሱ ቆሙ፣ በመጨረሻ የአባቷ ወንድሞች አስገቧቸው፣ ዕርቁ ወረደ። እናቷ ግን ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ደራርቱ ያንን ነው የጻፈችው።

በማግሥቱ መጥታ «የእኔ ስም ይቅር፤ ጅሩም ወፍጮውም የልዩ ነው፣ ሰው ቤት ገብቼ ማዘዝ አልነበረብኝም» አለችኝ። እንግዲህ አንቺም ወጣሽ፣ እሷም ወጣች። ማን ጻፈው ብዬ ልሽጠው? ኦቦ ሮባ? ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፤ እኔ ግን ምቀኛዬ ጓደኛዬ ትሁን ብዬ አልጸለይኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልናገርና ልተወው። አንቺ ተመድበሽ ጎጆ ስትሄጂ እዚህ ማን እንደቀረ አስበሽ ታውቂያለሽ? ስንት ቅዳሜ ያንን ወንበር እያየሁ ብቻዬን ኮምፒውተሩን ከፍቼ ዘጋሁ። ተራኪ መሆን አልችልም፣ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ያንቺ ሥራ እንዳይቀር ብዬ ነው ያደረግኩት። አሁን የሚረዳኝ ሰው ባገኝ አንቺን ሸጥኩሽ?

የካቲት ሳያልቅ መልስሽን እጠብቃለሁ። ካልጻፍሽልኝ «የወፍጮው ቤት ደም»ን ከሽያጭ አወርደዋለሁ፤ እኔም ሥዕሉን እተወዋለሁ። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ ስለደከመኝ ነው።

ጦይባ


ጎጆ፣ የካቲት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ ጓደኛዬ ለጦይባ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማ ሀጀራ እንደምን ናቸው? ለገና ሳልመጣ ስለቀረሁ ይቅርታ በያቸው። ጥሪ ጠፍቶ ወይም መኪና ጠፍቶ አይደለም፤ አኩርፌ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ ነበር አባቴ፤ የእኔ ደግሞ ከአፍ አልፎ በጽሑፍ ሆነ። ለደራርቱ የተለየ ይቅርታ ልጽፍላት ብዬ ነበር፣ ግን አላወቅኩበትም። አንቺ ንገሪያት። ስለ ሐዘን ለጻፈችው ይቅርታ ትልሻለች በያት፣ ሌላ ቃል አታብዢበት፤ ይገባታል።

በቀደም ከቢሮ ስንወጣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የሷን ክፍል ብቻዬን ተጫወትኩት። ስህተት ፍለጋ አልነበረም። ሽማግሎቹን አጥሩ ሥር አቆምኩና እኔም ጠበቅኩ። ያቺ ሴት በመስኮት ታያለች። አንድ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተናገረችም፤ እዚያው ጋቢዬ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። የእኔ ጽሑፍ እኔን አስለቅሶኝ አያውቅም፣ የሷ ስላስለቀሰኝም ተናደድኩ። እናቲቱ እንዳለች ትሁን። ማንም ቃል እንዳይጨምርባት፤ እኔ ራሴ ብለምንሽ እንኳ እንቢ በዪኝ።

የእኔን ዳይስ አውጥተሽ ጣዪው። ዕርቅ በስድስት አይወርድም፤ ይህን ጽፌ ንጹሕ ሥራ ነው ማለቴን ሳስብ አፍራለሁ። የሟች ቤት ከወፍጮው በላይ ይሁን፣ ሽማግሎቹ አራት ይሁኑ፣ የካርታውን ክብደት ቀንሺው። ተጫዋቾቹ ሰልችቷቸው ሰይፍ ቢመዙ ተራኪው ምን እንደሚያደርግ ግን ጽፌ በፍላሹ ልኬያለሁ። በቅናት ዓይን ያገኘሁት ቢሆንም ስህተቱ ስህተት ነው፤ ደራርቱ ታንብበውና ያልጣማትን ትሰርዘው።

ሁለታችንም እንግባ። ስሟን ከስሜ አስቀድሚው። ይህን ስጽፍ እጄ እሺ ብሎኝ እንዳይመስልሽ። ሰው ሞጁሉን ሲገዛ መጀመሪያ እሷን ያነባል፣ ከዚያ እኔን፤ እኔም ባየሁት ቁጥር ያመኛል፣ ግን ልክ እሱ ነው። ወንበሬ ላይም ትቀመጥ። ሰው ካርቶን ላይ አስቀምጦ ያን ሁሉ ማስተረክ ነውር ነው።

ብቻሽን መቅረትሽን አላሰብኩትም። የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ የተጎዳሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሥዕሉን እንዳትተዪው፤ እሱን ከተውሽ እኔ እዚህ ብርድ ውስጥ ምን ይዤ እቀመጣለሁ?

አሁን ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ትዪኝ ይሆናል። አልለቀቀኝም። ይለቀኛል ብዬም አልዋሽሽም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቅዳሜን ውሰዱት፣ ጅሩንም ወፍጮውንም ውሰዱ፣ ሱቅ ውስጥ ሳቁ፣ ብትፈልጉ በእኔም ሳቁ። ደብዳቤ ግን እንዳትጽፊላት። እሷ መንገድ ተሻግራ ትመጣልሻለች። ደብዳቤ የምትጽፊው ለእኔ ብቻ ይሁን።

ያንቺው ልዩ